ስታዲየም አካባቢ ላፕቶፕ ልታሰሩ የምትሄዱ ተጠንቀቁ

ወገን ትናንት ነው የተበላሁት፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም ንዴቱም አልለቀቀኝም። ስታዲየም አካባቢ ፎቅ ላይ ካሉት ጥገና ቤቶች አንዱ ነው፣ ያ ችግራችሁን ተናግራችሁ ሳትጨርሱ «ቦርዱ ነው» የሚለውን አይነት ሰውዬ መቼም ታውቁታላችሁ።

የአባቴ ኖኪያ 6210 ላይ የቀሩ መልዕክቶች አሉ፣ ነፍሱን ይማረውና የእሱ እጅ ፅሁፍ ማለት ናቸው ለእኔ። ስልኩ ብሉቱዝ የለውም፣ ኬብሉን ዛሬ ከየት ታገኛላችሁ፣ ወደ ላፕቶፕ ለማውረድ የቀረው ኢንፍራሬድ ነው፣ ያ በዓይን በማይታይ ብርሃን ያለ ገመድ የሚያስተላልፈው። ቲንክፓድ ቲ43 ላፕቶፕ አለኝ፣ ያቺ የኢንፍራሬድ ጥቁር መስኮት አለችው፣ ግን የጫንኩበት ደቢያን 11 (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን የሊኑክስ አይነት ነው) ኢንፍራሬዱን ጭራሽ አያየውም። ሰውዬው ገልበጥ አድርጎ አየና «ቺፑ ተቃጥሏል፣ ይቀየራል» ብሎ 4,000 ብር ቅድሚያ ተቀበለ።

ልወስድ ስሄድ «ይኸው ተሰርቷል» አለና የራሱን ስልክ ካሜራ ወደ መስኮቷ አዞረ (የኢንፍራሬድ ብርሃን በዓይን ባይታይም በስልክ ካሜራ ይታያል)፣ በሌላ እጁ የቲቪ ሪሞት ይዟል፣ ሪሞቱን ሲጫን ስልኩ ላይ ሐምራዊ ብርሃን ብልጭ አለ፣ «አየሽ» ይለኛል። ብርሃኑ እኮ ከሪሞቱ ነው የሚወጣው! ሪሞቱን አስቀምጠውና ላፕቶፑ ራሱ ሲያበራ አሳየኝ አልኩት፣ ዝም። ገልብጬ ሳየው ብሎኑ ላይ የተለጠፈችው የዋስትና ወረቀት እንዳለች ናት፣ ጫፏ እንኳን አልተነሳም። ቺፕ ሊቀይር ቀርቶ ብሎን አልፈታም! ይህን ሳሳየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «እህቴ ሊኑክስ ምናምን ጭነሽ አበላሽተሽ እኛ ላይ ትጮሂያለሽ? ዊንዶውስ አስጭኚና ነይ»። አጠገቡ ያለው ልጅ ሳቀ። ደረሰኝ ስጠይቅ «የምን ደረሰኝ»፣ ብሬን ስጠይቅ ፊቱን አዞረ፣ ሌላ ደንበኛ ማናገር ጀመረ፣ እኔ እዛ እንደሌለሁ።

ቤት ገብቼ ሳየው ሁለት ነገር ነው። ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ1 ተጭኜ ባዮስ (የላፕቶፑ የራሱ ማስተካከያ) ስገባ ኢንፍራሬድ ተዘግቷል፣ ከፈትኩት። ሁለተኛው ደግሞ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ከ4.17 ጀምሮ፣ 2018 ላይ፣ የኢንፍራሬድ ኮዱን ጨርሶ አውጥቶታል፣ ደቢያን 11 ደግሞ ከርነሉ 5.10 ነው፣ እንዴት ብሎ ያየዋል! ከርነሉ 4.9 የሆነውን ደቢያን 9 በሌላ ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍል) ጭኜ፣ ሲሪያል የሚባለው ሌላ ድራይቨር (ዕቃውን የሚያዝ ፕሮግራም) የኢንፍራሬዱን ፖርት ይዞት ስለነበር እሱን አስለቅቄ፣ የቲንክፓዱን ኢንፍራሬድ ድራይቨር ስጭን ኖኪያው ከነስሙ መጣ። ያኔ ነው በስልክ ካሜራ መስኮቷ በራሷ ብልጭ ብልጭ ስትል ያየሁት። የተቃጠለ ቺፕ አልነበረም። አንድም ብር የሚያስወጣ ስራ አልነበረም! ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የአባቴን መልዕክት ጋሙ በሚባል ከስልክ መረጃ በሚያወርድ ፕሮግራም ማውረድ ጀምሬያለሁ።

እና እባካችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ብሎኑንና ወረቀቱን ፎቶ አንሱ፣ ያለ ደረሰኝ ደግሞ ቅድሚያ አትክፈሉ።