ልጄን ማንበብ ላስተማሩልኝ መምህርት ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የሰባት ዓመት ልጄን ከንባብ ጋር ላስታረቁልኝ መምህርት እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። እሳቸው ሽሮ ሜዳ አካባቢ በመኖሪያ ቤታቸው ጥቂት ሕፃናትን የሚያስጠኑ እናት ሲሆኑ፣ ይህን የምጽፈው እኔ ባለፍኩበት ጭንቀት ውስጥ ያሉ ወላጆች እንዲያገኟቸው ብዬ ነው።

ልጄ ፊደሉን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ይወርደው ነበር፤ አንደኛ ክፍል ገብቶ መጽሐፍ ሲሰጠው ግን አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። ይማርበት የነበረው ትምህርት ቤት ክፍያውን በየወሩ ሲቀበል ቆይቶ በመጨረሻ የሰጠኝ መልስ «ልጅሽ ሰነፍ ነው፣ ቤት ውስጥ አስጠኚው» የሚል ነበር። ቤት ድረስ እየመጣ እንዲያስጠናው የቀጠርነው ወጣትም በየምሽቱ ገበታውን ከማስጮህ በቀር የፈየደለት ነገር አልነበረም፤ ሲሳሳት ጆሮውን ይቆነጥጠው እንደነበር የሰማሁትም ዘግይቼ ነው። ልጄ ደብተር ባየ ቁጥር «ሆዴን አመመኝ» ማለት የጀመረው ያን ጊዜ ነበር፤ ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

መምህርቷ በመጀመሪያው ቀን ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ገበታውን በወረቀት ሸፍነው «ሞ»ን ብቻ አሳዩት። ልጄ ዝም አለ፤ ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ጎንበስ ብለው ሲያዳምጡት ከ«መ» ተነስቶ «ሙ፣ ሚ፣ ማ» እያለ በሹክሹክታ ወደ «ሞ» ሲሄድ ሰሙት። ወደ እኔ ዘወር ብለውም «ይህ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ዜማውን በሚገባ ይዟል፣ ፊደሏን ለብቻዋ ያሳየው ሰው ግን የለም» አሉኝ። ሰነፍ ሲባል የከረመ ልጅ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ ያያቸውን አስተያየት መቼም አልረሳውም።

አባቴ ይህን ስነግራቸው አልገረማቸውም፤ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ሲቆጥሩ የኔታ እያንዳንዷን ፊደል በስንደዶ ያስነኳቸው ነበርና፣ ዜማው ብቻውን እንደማይበቃ ያውቃሉ።

መምህርቷ 231ዱን ፊደላት በአንድ ጊዜ አላሸከሙትም። ከካርቶን ከቆረጧቸው ፊደላት «ሉ»ን፣ «ሱ»ን እና «ቡ»ን ጎን ለጎን ደርድረው፣ በቀኝ በኩል የወጣችውን ጭረት ራሱ ፈልጎ እንዲያገኛት አደረጉ። የቀረውን ስልታቸውን ተረድቼዋለሁ ማለት አልችልም፤ ያየሁት አለመቆጣታቸውን፣ ሲሳሳትም ራሱ እስኪያርም በትዕግሥት መጠበቃቸውን ነው። ልጄ «ላም» እና «በግ» ብሎ ጀምሮ፣ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሆኖ የየሱቁን ማስታወቂያ ጮክ ብሎ ያነባል፤ የሚያስጠኑበት ቀን ሲደርስም ከእኔ ቀድሞ ጫማውን ያደርጋል።

ልጃችሁ ፊደሉን እየዘመረ ማንበብ ያቃተው ወላጆች፣ እባካችሁ «ሲያድግ ይለቀዋል» ብላችሁ አትቆዩ፤ ወስዳችሁ አሳዩአቸው። ክፍያቸው የማይጎዳ ነው፤ የሚቀበሏቸው ልጆች ግን ጥቂት ስለሆኑ ቀደም ብላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።