የእማዬ ፕላትሌት አልወረደም ነበር፤ ለላብራቶሪዋ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ጅማ ውስጥ ስላለች አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ስሟን እንድጠራ አልፈቀደችም። "ሥራዬን ነው የሠራሁት" ብላ ድርቅ አለች። እሺ፣ ስሟን ትቼ ሥራዋን ልናገር።

እማዬ የምትኖረው አጋሮ ነው። የእንቅርት ኦፕሬሽን ቀጠሮ ተይዞላት ጅማ መጣች። እንደተለመደው መጀመሪያ ሲቢሲ፣ የደም ሕዋሳትን የሚቆጥረው ምርመራ፣ ታዘዘ። ውጤቱ ሲመጣ ፕላትሌቷ 38 ሺህ ነው ተባለ። በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ይገኛል። ስንቆረጥ ደሙ እንዲቆም የሚያደርገው ይኸው ፕላትሌት ነው። ከ50 ሺህ በታች ከወረደ ደግሞ ሐኪሞች በአብዛኛው ኦፕሬሽን ለመግባት አይደፍሩም። የእማዬም ሐኪም አቆመው። በዚያ ቁጥር ማቆሙ ልክ ነው፣ ቅሬታ የለኝም።

የከፋኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ደም የሚሰጥ ሰው አዘጋጁ ተባልን። አዲስ አበባ ሄዳ መቅኒዋ ይመርመር ተባለ። ኮሪደር ላይ "ካንሰርም ሊሆን ይችላል" ብሎን ያለፈም ነበር። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ስልክ በስልክ ሆነ። አንዷ አክስቴ ቀይ ሥር እየተጨመቀ ጠዋት ማታ ትጠጣ ብላ አዘዘች። ተገዛ፣ ተጨመቀ፣ ተጠጣም።

አንድ የሰፈራችን ልጅ "ከመሄዳችሁ በፊት እሷ ጋ አስደግሙት" ባይለን ኖሮ አውቶቡስ ተሳፍረን ነበር።

ሴትዮዋ ወረቀቱን ስትቀበል ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው 38 ሺህ የሚለው ላይ አልነበረም። ወደ ግርጌው ወረደች። እዚያ ማሽኑ ራሱ ያተማት አጭር ማስጠንቀቂያ አለች፤ ፕላትሌቶቹ ሳይጓጎሉ አይቀሩም የምትል። ማንም አላነበባትም። የነጭ የደም ሕዋሱም ቁጥር ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ እሱንም በጣቷ ነካ አድርጋ አለፈች። ቀጥላ ወደ እማዬ ዞረች።

"እማማ፣ ድድዎ ይደማል? ነስር አለብዎት? ገላዎ በትንሹ በትልቁ ይበልዛል?"

"ኧረ ልጄ፣ እኔ ደም የማየው ዶሮ ሲታረድ ነው።"

ክንዷንና እግሯን አየቻት። አንድም የበለዘ ነገር የለም። ቀስ ብላ ደም ቀዳች፣ ቱቦውን በእርጋታ ገለባበጠችው። ከዚያ በቀጭን እንጨት ውስጡን ፈተሸችው። ደም መቅዳቱ ሲያስቸግር ወይም ቱቦው በደንብ ካልተገለባበጠ ደሙ ትንሽ ይረጋና ፕላትሌቱን ይዞ ይቀራል አለችኝ። የእማዬ ግን አልረጋም። ማሽኑ አሁንም ዝቅ ያለ ቁጥር ሰጠ። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም። ጠብታ ደም ስላይድ በሚባለው ቀጭን መስታወት ላይ አቅጥና አሰጣች፣ ቀለም ነክራ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገችው።

እኔንም ጠርታ አሳየችኝ። መሀል መሀሉ ላይ ብዙም ነገር የለም። ዳር ላይ፣ ደሙ የሚያልቅበት ጋ፣ ሐምራዊ ነጠብጣቦች ክምር ክምር ብለው ተጣብቀዋል። "እነዚህ ናቸው የጠፉት ፕላትሌቶች" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሲቢሲ ደም የሚቀዳው ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው። ውስጡ ኢዲቲኤ የሚባል ነገር አለ። ካልሲየሙን ይዞ ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል። አንዳንድ ሰው ግን ኢዲቲኤ ባለበት ፕላትሌትን ከፕላትሌት የሚያጣብቅ አንቲቦዲ፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው የመከላከያ ፕሮቲን፣ በደሙ ውስጥ አለው። ይህ የሚሆነው ቱቦው ውስጥ ብቻ ነው። ሰውነት ውስጥ ምንም አያደርግም። ደሙ እየቀዘቀዘና እየቆየ በሄደ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ማሽኑ የሚለየው በመጠን ስለሆነ ክምሩን ፕላትሌት አይለውም። መንገድ ዳር ቆሞ እግረኛ የሚቆጥር ሰው ሚኒባስ ሲያልፍ ውስጡ ያሉትን እንደማይቆጥራቸው ማለት ነው። እንዲያውም አንዳንዱን ክምር ነጭ የደም ሕዋስ ነው ብሎ ይመዘግበዋል። ቅድም በጣቷ የነካችው ቁጥር ከፍ ያለው ለካ ለዚህ ኖሯል።

አዲስ ነገር አይደለም። በሕክምና ጽሁፍ ከተዘገበ ቆይቷል፤ በፈረንጆቹ ከ1969 ጀምሮ ይታወቃል። ከሺህ ሰው በአንዱ ገደማ ይገኛል ይባላል። ትንሽ ይመስላል፣ ሲቢሲ በቀን ስንት ሰው እንደሚታዘዝለት ስታስቡት ግን ትንሽ አይደለም።

ማረጋገጫው ሌላ ቱቦ ነው። ሰማያዊ ክዳን ያለው፣ በኢዲቲኤ ፈንታ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ሲትሬት ያለበት። እስከ ምልክቱ ድረስ መሞላት አለበት፣ ካልሞላ ስሌቱ ይበላሻል። የሲትሬቱ ፈሳሽ ደሙን ስለሚያቀጥነው የሚወጣው ቁጥር በ1.1 ይባዛል። እሷ ሳታቆይ ወዲያው ማሽን ውስጥ አስገባችው። 196 ሺህ ወጣ። ሲባዛ ወደ 216 ሺህ። ስላይዱን ደግማ አየችና "ይስማማል" አለች። አንዳንድ ሰው በሲትሬትም እንደሚጓጎልበት፣ ያኔ ደሙን በሰውነት ሙቀት ይዞ ቶሎ መለካት እንደሚሞከርም ነገረችኝ። ለስላይዱ የተለየ ገንዘብ አላስከፈለችንም። በዚህ ዘመን!

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም፣ እሷም አደራ ብላኛለች። ፕላትሌት ወረደ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። እኛ አገር ወባ ራሷ ታወርደዋለች፤ በዚያው ስላይድ ላይ ወባም ፈልጋ አጥታ ነው ለእማዬ ያረጋገጠችላት። እርግዝና አለ፣ መድኃኒት አለ፣ ሌላም ብዙ በሽታ አለ። ስለዚህ "የቱቦ ጣጣ ነው" ብላችሁ ቤት እንዳትቀመጡ። ድድ የሚደማበት፣ ቆዳው ላይ ቀይ ነጠብጣብ የሚወጣበት ሰው ካለ ቶሎ ወደ ሐኪም ነው። ቁጥሩ ወርዶ ሰውየው ደህና ከሆነ ግን "ስላይድ ታይቷል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ያለ ምክንያት ደም የተሰጣቸው፣ ስቴሮይድ የጀመሩ፣ ጣፊያቸው ጭምር የወጣ ሰዎች መኖራቸው በሕክምና ጽሁፎች ተመዝግቧል።

ለሐኪሙ ውጤቱን በጽሁፍ አብራርታ ላከችለት። ተቀበለው፣ ቀጠሮውም ተመለሰ። እማዬ ኦፕሬሽኗን በሰላም ጨርሳ አጋሮ ገብታለች። ካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ፕላትሌት በሰማያዊ ክዳን ቱቦ ይለካ" ተብሎ ተጽፎላታል። የትም ስትሄድ መጀመሪያ እሱን እንድታሳይ ተነግሯታል፤ ይህ አንቲቦዲ ለዓመታት ሊቆይ ይችላልና።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ጅማና ዙሪያዋ ላላችሁ፣ አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ቀደም ያለውን ውጤት ይዛችሁ ሂዱ፣ ማየት ትፈልጋለች። ጠዋት ብትደርሱ ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ይበዛል። እሁድ አትሠራም።