የቀይ መስቀል ኮሚቴው የልማዳዊ ሕግ ዳታቤዝ፦ ከተማሪዎቼ ጋር ስጠቀምበት

ለምስለ ችሎት ውድድር የሕግ ተማሪዎች አዘጋጃለሁ። መጀመሪያ የማስከፍታቸው ድረ ገጽ ሁሌም አንድ ነው፦ የዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የልማዳዊ ሰብዓዊነት ሕግ ዳታቤዝ። ልማዳዊ ሕግ ማለት በስምምነት ሳይሆን መንግሥታት ግዴታችን ነው ብለው በሚፈጽሙት ተግባር የጸና ሕግ ነው፤ እዚህ የተሰበሰበው ጦርነትን የሚገዛው ነው። ነጻ ነው። ስልክ ላይም ይከፈታል። መሠረቱ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የኮሚቴው ጥናት ከ5,000 ገጽ በላይ ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ መገኘቱ እንደኛ ላለው ትልቅ ነገር ነው።

161 ደንቦች አሉት። እኔ የማስጀምራቸው ከደንብ 124 ነው። በአገሮች መካከል በሚደረግ ጦርነት ኮሚቴው እስረኞችን በየጊዜው እንዲጎበኝ ሊፈቀድለት ይገባል ይላል። ለእርስ በርስ ጦርነት ሲሆን ግን ኮሚቴው አገልግሎቱን ሊያቀርብ ይችላል ነው የሚለው። “ይገባል” እና “ይችላል” ላይ ቆም አደርጋቸዋለሁ። ለታሰረው ሰው በሩ ያው በር ነው።

ነገሩ ለኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከኤርትራ ጋር ጦርነት የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው። ኤርትራ የምርኮኞችን አያያዝ ጭምር የሚደነግጉትን የጄኔቫ ስምምነቶች የተቀበለችው ግን በነሐሴ 1992። እስከዚያ የተማረኩት ወታደሮቻችን በምን ሕግ ይጠበቁ ነበር? ሄግ የተሰየመው የካሳ ኮሚሽን በ1995 ዓ.ም. መለሰ፦ በልማዳዊ ሕግ። ኤርትራ ቀይ መስቀል ምርኮኞቹን እንዳይጎበኝ መከልከሏም ጥሰት ነው አለ። (ኢትዮጵያም በምርኮኛ አያያዝ ጥፋተኛ የተባለችባቸው ነጥቦች አሉ። ተማሪዎቼ ሁለቱንም ውሳኔ ያነባሉ።) መንግሥት ያልሆነ ድርጅት በእስር ቤት በር የመግባት መብቱ በልማድ ሲጸና ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁም።

አጠቃቀሙ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ተማሪዬ “ደንብ 124 እንደሚያዘው” ብሎ ተከራከረ። ዳኛው “ማን ያወጣው ደንብ?” አሉት። ልጁ ዝም አለ። ጥያቄያቸው ልክ ነበር። ልማድን የሚሠራው በዋናነት የመንግሥታት ተግባርና “ሕግ ያስገድደኛል” የሚለው እምነታቸው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2018 የሌሎች አካላት ድርጊት በራሱ ልማድ አይፈጥርም፣ የመንግሥታትን ተግባር ለመመዘን ግን ሊጠቅም ይችላል ብሏል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2006 ኮሚቴው ማስረጃ ያሰባሰበበትንና የመዘነበትን መንገድ በደብዳቤ ተችታለች። ስለዚህ ደንቡን አንብባችሁ አትውጡ። ዋናው ሀብት ያለው ሥሩ ባለው የተግባር ክፍል ውስጥ ነው፤ የጦር መመሪያዎች፣ ሕጎች፣ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች በየአገሩ ተደርድረዋል።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። የታጣቂ ቡድኖች ተግባር “ሌላ ተግባር” በሚል ርዕስ ሥር ነው የተቀመጠው። ሕጉ ይገዛቸዋል፤ ሕጉ ሲሠራ ግን ቃላቸው አይቆጠርም። ምርኮኛ በእጁ የያዘ ታጣቂ “ባልተጠየቅኩበት ሕግ” ሲል ተማሪዎቼ ምን ብለው ይመልሱለት? አጥጋቢ መልስ እስካሁን አልሰጠኋቸውም።

ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። ያ ተማሪዬ አሁን ልምምድ ላይ የደንብ ቁጥር ከመጥራቱ በፊት የሁለት አገር የጦር መመሪያ ይጠቅሳል።