አራት ኪሎ አካባቢ "የተማሪ አልጋ" ለምትፈልጉ፦ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ምዝገባ ደርሷል። ሰሞኑን በየቴሌግራም ቻናሉ "አራት ኪሎ አካባቢ ደባል የምትፈልግ ልጅ አለች?" የሚል ጥያቄ በዝቷል። አምና በዚህ ሰሞን እኔም ከደሴ መጥቼ ይህንኑ እጠይቅ ነበር። ያገኘሁት መልስ 15,500 ብር አስከፈለኝ። በቤቱ የኖርኩት 50 ቀን ነው። ከዚያ ውስጥ ሰላም ያደርኩበት አንድ ሳምንት አይሞላም። ገንዘቤም እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

የምጽፈው ያከራየኝን ሰው ለመበቀል አይደለም። ስሙንም አልጠራም። የነገረን ስም የእሱ መሆኑን እንኳ አላውቅም። የምጽፈው አሠራሩ አሁንም ስላለ ነው።

መሀል ከተማ ለምን እንደሚፈለግ ይገባኛል። ስድስት ኪሎ ዋናው ግቢ አለ። አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ፣ አራት ኪሎ የተፈጥሮ ሳይንስ። የግል ኮሌጆችም በዙሪያው አሉ። ከላይብረሪ ማታ 3 ሰዓት ወጥቶ በእግር ቤት መግባት ትልቅ ነገር ነው። የታክሲ ሰልፍ የለም። ቤተሰብም "መሸ እኮ፣ የት ደረስሽ?" እያለ አይሳቀቅም። እናቴ ከትምህርት ቤቱ ራቅ ያለ ቤት እንዳልይዝ አደራ ብላኝ ነበር የመጣሁት። ግን ተማሪ በቅናሽ ይከራይባቸው የነበሩ የጭቃ ቤቶች እያለቁ ነው። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ፈርሷል። አራት ኪሎ ዙሪያም የተነሳ ሰፈር ብዙ ነው። ፈላጊው ግን አልቀነሰም። ያን ጊዜ ነው ግቢ ጠቅልሎ ተከራይቶ፣ በአልጋ ሸንሽኖ ለተማሪ የሚያከራይ ሰው ገበያ የሚያገኘው።

ማስታወቂያው እንዲህ ይላል። "ለሴት ተማሪዎች ብቻ። በአንድ ክፍል 3 ልጆች። ውሃና መብራት 24 ሰዓት። ዋይፋይ ያለው። ከአራት ኪሎ 7 ደቂቃ በእግር። በአልጋ 3,500።" ፎቶውም ያምራል። ደወልኩ። ደላላው አነሳውና "እህቴ፣ አሁን ካላየሽው ከሰዓት የሚመጡ ልጆች አሉ" አለኝ። እሁድ ጠዋት ነበር። ሄድኩ።

ክፍሉ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ሦስት አልጋ ተነጥፏል። በግቢው ውስጥ ሰው የለም። ልጆቹ የት ናቸው ስል "ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል" ተባልኩ። አምኜ ዝም አልኩ። ያን ቀን አንዷን ልጅ ለ5 ደቂቃ ባነጋግር ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ቤቱን ስታዩ ነዋሪዎቹ ያሉበትን ሰዓት ምረጡ። ማታ ሂዱ። አከራዩ በሌለበት አንዷን ጠጋ ብላችሁ "ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት? ውሃ መቼ መቼ ይመጣል? የከፈልሽው ለማን ነው?" በሉ። ተማሪ ለተማሪ አይዋሽም።

አከራይ ነኝ ያለው ሰው ጨዋ ነው። ድምፁ ረጋ ያለ ነው። "ግቢው የቤተሰብ ነው፣ እናንተም እህቶቼ ናችሁ" ይላል። የጠየቀኝ የሦስት ወር ቅድሚያ 10,500 ብር፣ "መያዣ" የሚለው 3,500 ብር ነው። ለደላላው 1,500 ጨመርኩ። በቴሌብር ልልክ ቁጥሩን ሳስገባ የሴት ስም ወጣ። "ይሄ የማን ነው?" አልኩት። "የባለቤቴ ነው፣ ችግር የለውም" አለኝ። እኔም ላክሁ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቴሌብርም ሆነ የባንክ መተግበሪያ ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያችኋል። ያ ስም በቤቱ ካርታ ላይ ካለው ስም ጋር አንድ መሆን አለበት። አንድ ካልሆነ ውክልናውን አሳዩኝ በሉ። ማፈር አያስፈልግም። ገንዘቡ የእናንተም አይደለም፣ እናትና አባት ከእርሻው ወይም ከደመወዙ ቆጥበው የላኩት ነው።

በሦስተኛው ቀን አናጺ መጣ። ክፍላችንን በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፈለው። ሦስቱ አልጋዎች ወጥተው ተደራራቢ አልጋ ገባ። ሦስት የነበርነው ስድስት ሆንን። በሌሎቹም ክፍሎች እንዲሁ ተደረገ። በሁለተኛው ሳምንት በግቢው 22 ሴቶች ነበርን። ሽንት ቤት አንድ። ሻወር አንድ። ሮቶም አንድ። ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ለ22 ሰው ደግሞ አንድ ቀን አይበቃም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ባሊ ይዘን እንሰለፍ ነበር። ፈተና ያለባት ልጅ ቅድሚያ እንድታገኝ በመካከላችን ደንብ አወጣን። እነዚያ ልጆች ባይኖሩ እኔ ትምህርቱን ትቼ ደሴ እመለስ ነበር። ዛሬም እንደዋወላለን።

ስለ መብራቱ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው አያስተውለውምና። "መብራት ከኪራዩ ጋር ነው" ተብለን ገባን። ወር ሲሞላ "ፍጆታችሁ በዛ" ተብሎ በነፍስ ወከፍ 400 ብር ተጠየቅን። ደረሰኝ አሳየን ብንለው አላሳየንም። የመብራት ታሪፍ በደረጃ ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው፣ በዝቅተኛው ዋጋ ይከፍላል። ፍጆታው ከፍ ሲል የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ከፍ ይላል። ስለዚህ 22 ሰው በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ ስልክ ብቻ ቻርጅ የምታደርገዋም ልጅ በትልቁ ዋጋ ትከፍላለች። ቤት ስታዩ "ቆጣሪው ለስንት ሰው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ካርድ የሚሞላ ቆጣሪ ከሆነ ማን እንደሚሞላውና ሲያልቅ ማን እንደሚያዋጣ ከመግባታችሁ በፊት ይነገራችሁ። ምጣድና ስቶቭ ይፈቀዳል ወይ የሚለውንም አትርሱ። እኛ ተከልክለን ነበር፣ በየቀኑ ከውጭ መብላት ደግሞ ከኪራዩ በላይ ያስወጣል።

በ40ኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። አንዲት ትልቅ ሴት ከልጃቸው ጋር ቆመዋል። ገብተው ኮምፔንሳቶውን አዩ። አልጋዎቹን አዩ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው "እናንተ ልጆች የማን ናችሁ?" አሉ። የቤቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው። ቤቱን ለሰውየው ያከራዩት "ለቤተሰቤ መኖሪያ" ብሏቸው ነው። የሁለት ወር ኪራይም አልከፈላቸውም። ደወልንለት፣ ስልኩ ዝግ ነው። የቴሌብሩ ቁጥርም ዝግ ነው። ደላላው "እኔ ያገናኘሁት ብቻ ነኝ" አለ።

እማማ አልተቆጡንም። ግድግዳውን እየዳሰሱ አለቀሱ። 10 ቀን ሰጡን፣ ከዚያ በላይ እንዲሰጡንም አልጠየቅንም። እሳቸውም እንደኛው ተታለዋል።

ወረዳ ሄድን። የተጠየቅነው የተመዘገበ የኪራይ ውል ነው። እኛ የነበረን በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሁለት ምስክር አለው፣ ፊርማ አለው። የፈረመው ግን የቤቱ ባለቤት አይደለም። ስማችን በየትኛውም መዝገብ የለም። ያን ቀን ነው ውል ምን እንደሆነ የገባኝ።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቀው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እነቃ ነበር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። በዚህ አዋጅ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበል አይችልም። እኔ የሦስት ወር ከነመያዣው ከፍያለሁ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው የሚፈጸመው። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። በመሀል ኪራይ እንደፈለጉ መጨመርም አይቻልም። አልጋ የሚያከራይ ሰው "ይሄ ለተማሪ አይሠራም" ሊላችሁ ይችላል። እኔንም ብሎኛል። ውሉን ወረዳ ሄደን እናስመዝግብ በሉትና ፊቱን እዩ። እውነተኛ ባለቤት ግብሩን እያሰበ ሊያመነታ ይችላል። ባለቤት ያልሆነ ሰው ግን ስልኩን ማንሳት ያቆማል። ያኔ ገንዘባችሁ ገና በእጃችሁ ነው።

ስለ ቀበሌ ቤትም ሳልናገር አላልፍም፤ መሀል ከተማ ርካሽ ሆኖ የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ፤ ብዙዎቹን ቀበሌ ሲያከራያቸው ኖሯል። በወር ጥቂት ብር ሲከፈልባቸው የኖሩ ቤቶች ናቸው። ታዲያ ቤቱን ከቀበሌ የያዘው ሰው ለእናንተ በሺህ ብር ሊያከራያችሁ ይፈልጋል። ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ ግን ክልክል ነው። ቁጥጥር ሲመጣ "የአክስቴ ልጅ ናት" ትባላላችሁ፣ እናንተም አብራችሁ ትዋሻላችሁ። ቤቱ ለልማት ሲነሳ ደግሞ የሚጠራው የባለ ውሉ ስም ነው። ብዙ ደግ ሰዎች ከቸገራቸው የተነሳ ያንን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ፣ አልፈርድባቸውም። ሆኖም ከዓመቱ አጋማሽ ላይ ከነሻንጣ ሜዳ ላይ ለመቅረት ካልፈለጋችሁ፣ ቤቱ የግል ነው ወይስ የቀበሌ የሚለውን መጀመሪያ ጠይቁ። የግል ከሆነ የካርታውን ቅጂና የባለቤቱን መታወቂያ፣ ቢቻል ፋይዳውን፣ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ጎረቤትም ጠይቁ። በር ላይ ያለች ሱቅ ማን የቤቱ ባለቤት እንደሆነ ታውቃለች። እኛ ከወጣን በኋላ ባለሱቁ "እኔማ የእማማ ቤት መሆኑን አውቃለሁ፣ ማን ጠየቀኝ?" አለን። ልክ ነው፣ ማንም አልጠየቀውም።

ለሴቶች ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። የክፍሉ ቁልፍ ስንት ቅጂ እንዳለውና በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ። የእኛን ክፍል ሰውየው በፈለገው ሰዓት ከፍቶ ይገባ ነበር፣ "ሮቶውን ልየው" እያለ። እኔ ስለ ብሩ ብዙ አውርቻለሁ፣ ከሁሉም በላይ ያሳመመኝ ግን ይሄ ነው። ጋን ቁልፍ ገዝታችሁ በራሳችሁ መቆለፍ ካልተፈቀደላችሁ አትግቡ። አከራይ ይህን የሚከለክልበት ምክንያት አይታየኝም።

እኔ አሁን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነኝ። ከዚያ ግቢ ካወቅኋቸው ሁለት ልጆች ጋር አንድ ሰርቪስ ቤት ይዘናል። የቤቱ ባለቤት እዚያው ግቢ ውስጥ ይኖራሉ፣ እትዬ ነው የምንላቸው። ውላችን ተመዝግቧል፣ የሦስታችንም ስም አለበት። ጠዋት ወደ አራት ኪሎ ታክሲ እንሰለፋለን፣ ማታም እንዲሁ። እናቴ መጀመሪያ አልወደደችውም ነበር። መጥታ ከእትዬ ጋር ቡና ከጠጣች በኋላ ግን ልቧ አረፈ።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ያንኑ ፎቶ እንደገና አየሁት። አረንጓዴ መጋረጃ፣ ቀይ ብርድ ልብስ የለበሱ ሦስት አልጋዎች፣ ከበላያቸው ክብ የግድግዳ ሰዓት። ማስታወቂያው ያው ነው፣ ዋጋው ብቻ 4,500 ሆኗል። የእማማ ቤት አሁን ቤተሰብ ገብቶበታል፣ ስለዚህ ፎቶው ውስጥ ያለው ክፍል ለኪራይ የለም። ከሥሩ "ይሄ ክፍል የለም፣ እኔ ተታልዬበታለሁ" ብዬ አስተያየት ጻፍኩ። 10 ደቂቃ ሳይሞላ አጠፉት። እኔንም ከቻናሉ አስወጡኝ። ፎቶውን ካያችሁት አትደውሉ፤ አይታችሁ የደወለች ጓደኛ ካለቻችሁም ብሩን ሳትልክ ድረሱላት።