ሌሊት ዳቦ ለሚጋግር ሰው የ1,800 ብር ስማርት ሰዓት

አዳማ ገበያ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ነው የገዛሁት። ስም የለውም። ሻጩ "ኦሪጅናል ቻይና ነው" አለኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድምፅ ሳያሰማ እጄ ላይ እየነዘረ እንዲቀሰቅሰኝ። ሌሊት ዳቦ ቤት እሠራለሁ፣ ቀን እማራለሁ፣ ክፍሌን ደግሞ ከ12ኛ ክፍል ተማሪው ወንድሜ ጋር ነው የምጋራው። የስልኬ አላርም ከእኔ ይልቅ እሱን ነበር የሚቀሰቅሰው።

ነገሩ የመጣው እንቅልፌን ቆራርጬ ልተኛ ብዬ ነው። ኤቭሪማን የሚሉት አለ። 3 ሰዓት ዋና እንቅልፍ፣ ከዚያ በቀን ሦስት ጊዜ 20፣ 20 ደቂቃ ሸለብ ማድረግ። ሲደመር 4 ሰዓት። ኡበርማን የሚባለው ይብሳል፤ ስድስት ጊዜ 20 ደቂቃ፣ አለቀ። እሱን አልደፈርኩም።

ንዝረቱ ቀልድ አይደለም። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ሲነሳብኝ ተስፈንጥሬ እቀመጣለሁ፣ ወንድሜ ግን ማንኮራፋቱን አያቋርጥም። ችግሩ ሰዓቱ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው። ለቀኑ 6:50 ብዬ የሞላሁት፣ ጠዋት 12:50 ላይ ትኩስ ዳቦ እየቆጠርኩ ለደንበኛ ሳቀብል ነዘረኝ፤ ቀን ሲሆን ዝም አለ፣ እኔም ቆርቆሮው እንደ ምድጃ እየጋለ እስከ 10 ሰዓት ተኛሁ። ክላሱ አመለጠኝ።

ጥልቅ እንቅልፍ ይቆጥራል የሚባለውን አትመኑት። አውልቄ ጠረጴዛ ላይ ባስቀመጥኩበት ቀን እንኳ 2 ሰዓት ጥልቅ እንቅልፍ መዝግቦልኛል። ቻርጁ 10 ቀን ይቆያል ተብሎ 4 ቀን ነው የሚሄደው። ማሰሪያው ላብ ይይዛል፣ በአዳማ ሙቀት እጄን ሽፍታ በሽፍታ አድርጎታል።

እንቅልፉስ? የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጀግና ነበርኩ። በዘጠነኛው ሌሊት ሊጡ ላይ ጨው ሁለቴ ጨመርኩ። በማግስቱ አንዲት እናት ዳቦውን ይዘው ተመልሰው "ምነው ልጄ፣ ጨው ረከሰ እንዴ?" አሉኝ። እውነት ለመናገር ያኔ እንኳ አልነቃሁም፤ ጥፋቱ የሥራ ባልደረባዬ ነው ብዬ ስከራከር ዋልኩ።

በኋላ ነው ያነበብኩት። ናሳ በረጅም በረራ ላይ ያሉ አብራሪዎችን 40 ደቂቃ እረፍት ሰጥቶ ሲያያቸው፣ በአማካይ 26 ደቂቃ ተኝተው ንቁ ሆነው ተነሱ። ይህን እያወሩ አጭር እንቅልፍ ያሞግሳሉ። ግን አብራሪዎቹ ሸለብ ያሉት በመደበኛ እንቅልፋቸው ላይ ተጨምሮ ነው፣ በምትኩ አይደለም። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል፣ እኔ ለሰውነቴ 4 ሰዓት ብቻ እየሰጠሁ የእጅ ሰዓቱን እወቅሳለሁ።

ትምህርቱን ወደ ቅዳሜና እሁድ አዛወርኩ። አሁን ጠዋት ከሥራ ስወጣ እስኪበቃኝ እተኛለሁ። ሰዓቱ የሚያገለግለኝ ማታ ሥራ ከመግባቴ በፊት ለምወስዳት 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ለእሷ ግን አንደኛ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት ካለፈች ጭንቅላቴ ከብዶ ነው የምነሳው።

ለንዝረቱ ስል እንደገና እገዛዋለሁ፣ በ1,800 ግን አይሆንም። አብሮኝ የሚማር ልጅ ከዚያው ሱቅ በ1,400 ነው የወሰደው። ተከራከሩ።