ዘይት ፈረስ ጉልበት አይጨምርም፦ ለ125 እና 150 ሲሲ ሞተር ሳይክሎች የሦስት ዘይቶች ግምገማ

ዘይት ተቀይሮለት ከጋራዥ የወጣ ሞተር ሳይክል «ነፍስ ዘራ» ይባልለታል። የሚሰማው ለውጥ እውነት ነው፤ የሚመጣው ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው ቦታ አይደለም። በአየር በሚቀዘቅዝ ባለ አንድ ቺሊንደር ሞተር ላይ አሮጌው ዘይት በደህና ዘይት ሲተካ መጀመሪያ የሚሻሻለው የማርሽ አገባብ ነው፤ ቀጥሎ የፍሪሲዮን (የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል) አያያዝ፣ ከዚያ ድምፁ። ዳገት ላይ ያለው ጉልበት ግን ያው ነው። ጉልበቱ በግልጽ ከጨመረ ወይ የድሮው ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትት ነበር፣ ወይ መካኒኩ በዚያው ሰርቪስ የአየር ፊልትሮውን አጽድቶ እሳት የሚፈነጥቀውን ካንዴላ ቀይሯል። ከቀነሰ ደግሞ ሰርቪሱ ላይ ስህተት አለ።

እዚህ የምንመዝናቸው ዘይቶች የሆንዳ ሲጂ125ን ንድፍ ለተከተሉ ሞተሮች (አብዛኞቹ የቻይና 125 እና 150 ሲሲዎች ማለት ነው) እና እንደ ባጃጅ ቦክሰር ላሉት ነው። በእነዚህ ሁሉ አንድ ዘይት ሦስት ሥራ ይሠራል፤ ፒስተንና ቫልቮላውን ያለሰልሳል፣ የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ጥርሶች ይሸከማል፣ ፍሪሲዮኑም እዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይሠራል። የመኪና ሞተር የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሥራዎች የሉበትም። ጣጣው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ በየሱቁ የማይጠፋውን የመኪና ቤንዚን ሞተር ዘይት፣ 20ደብሊው-50ን እንይ (የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ ሲቀዘቅዝ፣ የኋለኛው ሲሞቅ ያለውን የውፍረት ደረጃ ይነግራል)። ርካሽ ነው፣ ውፍረቱም ለሙቅ አገር ይስማማል። «የመኪና ዘይት ሞተር ሳይክል ይገድላል» የሚለው አባባል ለዚህኛው የተጋነነ ነው። ፍሪሲዮን የሚያንሸራትቱት በአብዛኛው ነዳጅ ለመቆጠብ ተብለው የተሠሩት ቀጫጭኖቹ ናቸው፤ 5ደብሊው-30 እና 0ደብሊው-20 የመሳሰሉት። እነሱ ውስጥ ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ይጨመራል፤ ፍሪሲዮን ደግሞ የሚኖረው በሰበቃ ነው። 20ደብሊው-50 ብዙ ጊዜ ይህ ቅመም የለበትም፤ ግን ለፍሪሲዮን ስላልተፈተነ ዋስትና የሚሰጥ የለም። ከበርሜል እየተቀዳ ከሆነማ ምን እንደሆነም አይታወቅም። ፍርዳችን፦ መንገድ ላይ ሲቸግር ይበቃል፣ የዘወትር ምርጫ ግን አይደለም።

ሁለተኛው ሞቱል 3000 20ደብሊው-50 ነው፤ ለባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል የተሠራ ሚኒራል (ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራ) ዘይት። ጠርሙሱ ላይ ሊፈለግ የሚገባው ምልክት ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 ነው። ይህ የጃፓኖች ደረጃ ዘይቱ ፍሪሲዮን ምን ያህል እንደሚያስይዝ በመሣሪያ ተለክቶ የሚሰጥ ሲሆን፣ ኤምኤ2 የበለጠ የሚያስይዘው ነው። ኤምቢ የተጻፈበት ማርሽ ለሌላቸው ስኩተሮች ስለሆነ እዚህ አይገባም። የ50 ደረጃ ዘይት በ100 ዲግሪ ሙቀት ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክ ውፍረት ሲኖረው፣ የ40ው ከ12.5 እስከ 16.3 ነው። ልዩነቱ በጆሮ ይሰማል፤ ክፍተቱ በሰፋ አሮጌ ሞተር ላይ 50ው የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ትክትክታ ያለዝባል፣ የሚቃጠለውንም ዘይት ይቀንሳል። ድሬዳዋና አፋር ቆላ፣ ሁለት ሰው ጭኖ ለሚውል ሞተር ይህኛው ይሻላል። ደካማ ጎኑ ጠዋት ይታያል፤ ደብረ ብርሃን ውርጭ ላይ የማስነሻው ፔዳል ይከብዳል፣ የመጀመሪያው ማርሽም እስኪሞቅ «ጓ!» እያለ ይገባል።

ሦስተኛው ሞቱል 5100 10ደብሊው-40፣ ከፊል ሲንተቲክ (በከፊል በፋብሪካ የተቀመመ)፣ እሱም ጃሶ ኤምኤ2 ነው። የማርሽ ለውጡን በእግር ጣት ማወቅ የሚቻለው በዚህ ነው። ቆሞ ኒውትራል መፈለግ ይቀላል፣ ከሁለት ወደ አንድ መመለስም አያታግልም። ይህ ልስላሴም ከሚኒራሉ ረዘም ላለ ኪሎ ሜትር ይቆያል። የካምቢዮ ጥርሶች ዘይቱን ወፍራም አድርገው የያዙትን ረዣዥም ሞለኪውሎች እየቆራረጡ ያቀጥኑታል፤ ማርሹ ቀስ በቀስ የሚሻክረው ስለዚህ ነው። ጤነኛ ለሆነና ደጋ ላይ ለሚሠራ ሞተር ምርጫችን ይህ ነው። ዘይት ለሚበላ፣ ጓርኒሲዮኑ (የመጋጠሚያ ማሸጊያው) ለሚያልብ ሞተር ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

የትኛውም ቢገዛ ሰርቪሱ ከተበላሸ ዋጋ የለውም። ሞተሩን ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ አሙቆ፣ በመካከለኛው ማቆሚያ ቀጥ አድርጎ፣ ክዳኑን ከፍቶ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ማንጠብጠብ ያስፈልጋል። ቀዝቃዛ ዘይት ቆሻሻውን ኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ጥሎ ነው የሚወርደው። በሲጂ ሞተር ሥር ካለው ትልቅ ክዳን ጀርባ ስፕሪንግና የሽቦ ወንፊት አለ፤ ወንፊቱ በቤንዚን ይታጠባል፣ የጎማ ቀለበቱ ከደረቀ ይቀየራል። ወንፊቱ ላይ ቀጭን ብናኝ ቢታይ አያስደነግጥም፤ በጥፍር የሚያዝ ስባሪ ከተገኘ ግን ሞተሩ ሳይከፈት አይነዳም። ክዳኑ ሲታሰር እጅ ሳይከብድ ነው፤ አሉሚኒየም ላይ ጥርስ ከተበላ የጥገናው ወጪ ከዘይቱ ዋጋ በብዙ ይበልጣል።

አሁን መጠኑ። ሲጂ125 ዘይት ሲቀየር የሚወስደው 0.9 ሊትር ነው፤ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ሲገጠም 1.1። ጠርሙሱ ግን 1 ሊትር ስለሆነ «የቀረችው ምን ልትሆን» ተብሎ ሁሉም ይገለበጣል። በቅጡ ካልተንጠበጠበ አሮጌ ዘይት ላይ ሲደመር ትርፉ ይበዛል። የሚሽከረከሩት ክፍሎች ትርፉን እየመቱ አረፋ ያደርጉታል፤ ሞተሩ ይከብደዋል፣ ይግላል፣ በመተንፈሻው ቱቦ በኩል ዘይት ወደ አየር ፊልትሮው ይተፋል፣ ማርሚታውም (የጭስ መውጫው) ሊያጨስ ይችላል። ከሰርቪስ በኋላ «ሞተሩ ሰነፈ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ሊቬሎው (የዘይት መለኪያው ዘንግ) ነው። አለካኩም ወግ አለው፦ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሠርቶ ማጥፋት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ መጠበቅ፣ ዘንጉን ጠርጎ ሳያሽከረክሩ ጥርሱ ላይ ብቻ አሳርፎ ማየት። ዘንጉን ጠምዝዞ አስገብቶ የሚለካ ሰው ከእውነተኛው በላይ ያነባል፣ ስለዚህም አጉድሎ ይነዳል። ለቦክሰርና ለሌሎቹ መጠኑ ከየማኑዋላቸው ይወሰድ፤ ሲሲያቸው ስለተቀራረበ ብቻ አንድ አይሆኑም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ፍሪሲዮኑ ነው። በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ዳገት ላይ ነዳጁን በአንዴ ሙሉ ቢሰጡት፣ የሞተሩ ጩኸት ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ዘይቱን ከመክሰስ በፊት ግን የእጅታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ልል መኖሩ ይታይ፤ ገመዱ ከተወጠረ የትኛውም ዘይት ያንሸራትታል። ልሉ ትክክል ሆኖ ዘይቱ ያልሆነው ከሆነ አንድ ጊዜ መቀየር ላይበቃ ይችላል። ከ1.1 ሊትሩ 0.2 ያህሉ ሁልጊዜ ውስጥ ስለሚቀር፣ አንድ አምስተኛ ገደማ የሚሆነው መጥፎ ዘይት ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል። ጥቂት ቀን ነድቶ ድጋሚ ሲቀየር ግን ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ይቀራል። ከዚህም በኋላ ካንሸራተተ የፍሪሲዮን ዲስኮቹ ይቀየሩ።

ከዘይት ቅየራ በኋላ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ብሎ መገኘቱ ብዙ ጊዜ ምንም አይደለም፤ ቀጭኑ ዘይት ሞተሩን ስላቀለለው ነው። በደቂቃ ወደ 1400 ዙር መልሶ ማስተካከል ይበቃል። ቀለሙ ቶሎ መጥቆሩም ዘይቱ ጥላሸቱን እያጠበ እንደሆነ ያሳያል እንጂ ማለቁን አይናገርም።

አዲስ አበባና መሰል ደጋ ከተሞች ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ያልተቃጠለው በፋሻላስቲኩ (በፒስተኑ ቀለበቶች) በኩል አምልጦ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። የሳሳ አየር የወሰደውን ጉልበት ዘይት አይመልስም፤ ቤንዚን ያቀጠነው ዘይት ግን በሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ የማርሹን ልስላሴ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሚኒራሉን ከ1,500 እስከ 2,000፣ ከፊል ሲንተቲኩን እስከ 3,000 ኪሎ ሜትር ነድቶ መቀየር ብንል ለደጋ ከተማ ሥራ ልክ ይመስለናል፤ ማኑዋሉ ከዚህ ካሳጠረ የማኑዋሉ ይጠበቅ።

በየሳምንቱ ሊቬሎው ሲወጣ ይሽተት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ፣ በተለይም ሳይጨመርበት ዘይቱ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ የካርቡራተሩ መርፌ (የቤንዚኑን መግቢያ የሚዘጋው) እያፈሰሰ ሳይሆን አይቀርም፤ ያ ሞተር አይነሳ። መጀመሪያ የቤንዚኑ ቧንቧ ይዘጋ፣ መርፌው ይቀየር፣ ከዚያ ዘይቱ ትናንት የገባ ቢሆንም እንኳ ይደፋ።