ሰደፍ ልታስቀይሩ ነው? ዋንዛ፣ ወይራ ወይስ ፕላስቲክ

ሱሉልታም ሆነ ሰንዳፋ፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ሲባል ፈቃድ ያለው የድሮ ጠመንጃ የያዘ ሰው አይጠፋም። ብረቱ ጤነኛ ነው፤ ሰደፉ፣ ማለትም ትከሻ ላይ የሚደገፈው ክፍል፣ ግን ተሰንጥቋል። ጠጋኙ ጋ ሲደርሱ ወሬው ሁሉ ስለ እንጨቱ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ልኩ ይቅደም እላለሁ።

ጠመንጃው ጥይት እንደሌለው ደጋግማችሁ አረጋግጡ። ክርናችሁን አጥፋችሁ የሰደፉን ጫፍ መታጠፊያው ላይ አሳርፉ። የሌባ ጣታችሁ የመጀመሪያ አንጓ ምላጩ (ሲተኮስ በጣት የሚሳበው) ጋ ከደረሰ ልካችሁ ነው። ለአብዛኛው አዋቂ ከ34 እስከ 36 ሳንቲሜትር ይሆናል። ደጋ ላይ ደግሞ ጋቢና ካፖርት አለ። በሸሚዝ የተለካ ሰደፍ ጋቢ ሲደረብ ይረዝማል፤ ብብት ሥር ይያዛል። የምትለብሱትን ለብሳችሁ ተለኩ።

ወይራ ያምራል፣ ጠንካራም ነው። ግን ከዋንዛ እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ክብደቱ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ምት ያለዝባል፤ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ ለሚውል ግን ይከብዳል። በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ ደግሞ ይሰነጠቃል።

ዋንዛ ቀላል ነው፤ ለመሮም ይታዘዛል። «ጉንጬ ጋ ትንሽ ቀንስልኝ» ስትሉ ባለሙያው እዚያው ፋቅ ፋቅ አድርጎ ይሞክርላችኋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋንዛ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ስለተከለከለ እንጨቱ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ከፈረሰ ቤት የወጣ ወፍራም ጣውላ ካለ እሱን ምረጡ፤ ዓመታት ደርቋል።

ፕላስቲክ ዝናብ አያሳብጠውም። ችግሩ እንደ እንጨት ተጠርቦ ለሰውነታችሁ አይስተካከልም። ለማስረዘም ከኋላው ላስቲክ ይጨመርበታል፤ ከመጀመሪያው ከረዘመባችሁ ግን ማሳጠሩ አስቸጋሪ ነው። በየክረምቱ ጭቃና ዝናብ ውስጥ ለሚውል ጥበቃ ግን እሱ ይሻላል።

ለእንጨቱ ቅባት የተልባ ዘይት ከቫርኒሽ ይበልጥብኛል። ቫርኒሽ ሲጫር ይላጣል፤ ዘይቱ ግን እንደገና በእጅ ሲታሽ ጭረቱን ይሸፍናል። በስሱ እየቀቡ በየመሃሉ ማድረቅ ነው፣ ቀናት ይፈጃል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ አትጣሉ፤ ራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት።

ለእኔ ደረቅ ዋንዛ በተልባ ዘይት ይበልጣል። ብቻ ሥራውን ፈቃድ ላለው ጠጋኝ ስጡ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መጠገንም ፈቃድ ይጠይቃል። የእናንተን ፈቃድ ሳያይ ጠመንጃ የሚቀበል ካጋጠማችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።